ዕቅዴን ቀድጄዋለሁ

ጳጉሜን ስትገባ ደሜ ይፈላል። ወሯ ራሷ ምንም አላደረገችኝም። አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት፤ ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ከዓመቱ ማዕድ የተረፈች ፍርፋሪ። በልጅነቴ ደሴ ላይ የሩፋኤል ለት በረንዳ ላይ ተደርድረን ሰማይ ሰማይ እናይ ነበር። ዝናቡ ሲጀምር ልብሳችንን ጥለን እንገባበታለን። ጳጉሜን ማለት ይኸው ነበረች፤ የሚታጠቡባት ወር።

ዛሬ የሒሳብ መዝጊያ አደረጓት። ስልኬን ስከፍት አንዱ ጎረምሳ ጣቱን ቀስሮ ይጠብቀኛል፤ «የአዲሱን ዓመት ዕቅድህን ጽፈሃል?» ሴት መሆኔን እንኳ አላጣራም። ሌላው አሥር ጥያቄ ይደረድራል። ሦስተኛው «ያልተለካ አይለወጥም» እያለ ያስፈራራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መንግሥትም ለእያንዳንዷ የጳጉሜን ቀን መጠሪያ ያወጣላታል፤ ለአምስት ቀን እንኳ ዝም ብላ ትለፍ የሚል ጠፋ።

አንድ ጊዜ የዕቅድ ሥልጠና ከፍዬ ገብቻለሁ፣ አልክድም። የሆቴል አዳራሽ ነው። አሰልጣኙ ማይክሮፎኑን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ግማሹን በእንግሊዝኛ ግማሹን በጩኸት ይናገራል። ለራሳችን አስጨበጨበን። መጽሔትና መቀስ አደለንና የምንመኘውን እየቆረጥን ካርቶን ላይ እንድንለጥፍ አዘዘን፤ ቪዥን ቦርድ ይባላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቪኤይት መኪና፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤትና ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያልገባኝን አንድ ፈረስ ለጠፈ። ስንወጣ ካርቶኑን ብብቱ ሥር አድርጎ «ወደ መገናኛ ከሆንሽ አብረን እንሰለፍ» አለኝ። ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆምን። ደግ ሰው ነበር፤ ስለ ልጆቹ አወራኝ። ከልጆቹ አንዳቸውም ካርቶኑ ላይ አልነበሩም።

ያን ቀን ያናደደኝ ግን ካርቶኑ አይደለም። አሰልጣኙ «እግዜር ካለ» የሚለውን አነጋገር «የድሃ ሰው ሰበብ» ብሎ ሲሳለቅበት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም ሳቅኩ። እናቴ በዕድሜዋ ሁሉ አንድም ነገ «እግዜር ካለ» ሳትል ጠርታ አታውቅም። ከሰው ጋር ሆኜ በእናቴ ሳቅኩ ማለት ነው።

እንዳትታዘቡኝ ልናዘዝ፤ እኔም የወጣሁት ከዚያው ጓዳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ነበርኩ። የአሠራር ለውጥ ፕሮግራሞቹ ሲፈራረቁ አይቻለሁ፤ ቢፒአር ሲመጣ ነበርኩ። ቢኤስሲ ሲመጣ ነበርኩ። ካይዘን ሲመጣ መደርደሪያ ላይ ቢጫ ቴፕ ለጥፌአለሁ። የተቋሙን ዕቅድ ወደ ዳይሬክቶሬት፣ ከዳይሬክቶሬት ወደ ቡድን፣ ከቡድን ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ «ካስኬድ» አድርጌአለሁ። ሴትዮዋ መጥረጊያ አልነበራትም፤ ዕቅድ ግን ነበራት፣ በሦስት ኮፒ።

እዚያ ቤት የተማርኩት ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። ሰኔ 30 ላይ ክንውንህ ከ95 በመቶ ካነሰ የማብራሪያ ደብዳቤ ትጽፋለህ። ከ100 ካለፈ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ዒላማው ይቆለልብሃል። ስለዚህ ብልህ ሰው ኑሮውን በ95 እና በ99 መካከል ይመሠርታል። የእኛ ክፍል 97.3 አስመዝግቦ የምስክር ወረቀት በተቀበለበት ጠዋት ባለጉዳዮች «ሲስተም የለም» ተብለው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዲት አሮጊት መቋሚያቸውን ተደግፈው ጭብጨባውን ሰሙና «ሠርግ ነው?» ብለው ዘበኛውን ጠየቁት።

አገር እንዲህ ከሆነች እኔ ምን ልሁን? ደርግ በ1977 የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ይዞ ተነሣ። ያን ዓመት ግን ሕዝቡ «ሰባ ሰባት» ብሎ የሚጠራው በዕቅዱ አይደለም፣ በረሃቡ ነው። ዕቅዱ ሳያልቅ ደርግ ራሱ አለቀ። ኢሕአዴግ በ2003 የመጀመሪያውን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሲጀምር በአምስት ዓመት ውስጥ የስኳር ምርትን 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ አለ። ዕቅዱ ሲዘጋ እኔ ከሸማቾች ሱቅ ፊት በኮታ ለሚሰጥ ስኳር ተሰልፌ ነበር። ይህን የምለው ለመሳለቅ ብቻ አይደለም። ግድብና ባቡር ያለ ቁጥር አይገነባም፣ ኮንክሪቱን የሚለካው ሰው ቢቀልድ ሰው ያልቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ የኮንክሪቱን ቅጽ እቤታችን አምጥተን ትዳራችንን፣ ጸሎታችንን፣ እናታችንን የሞላንበት ነገር ነው።

ደግሞ ቅጹ ከየት እንደመጣ አሰልጣኞቻችን ቢያውቁት! «ግብህ ስማርት ይሁን» ይላሉ፤ የተወሰነ፣ የሚለካ፣ ቀን የተቆረጠለት፣ ወዘተ። ሲናገሩት ከሲና ተራራ የወረደ ጽላት ይመስላል። ነገሩ ጆርጅ ዶራን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ለሥራ አስኪያጆች በሚታተም መጽሔት ላይ ያወጣው ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ሰውዬው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የአንድ የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያ የዕቅድ ኃላፊ የነበረ ነው። የጻፈውም አለቆች የሥራ ግባቸውን እንዴት እንደሚያሰፍሩ ነበር። እሱ ራሱ እንኳ የሚጻፍ ግብ ሁሉ አምስቱንም መስፈርት ያሟላል ማለት እንዳልሆነ አስገንዝቦ ነበር። የኤሌክትሪክ ኩባንያ አለቆች የሚሠሩበትን መሣሪያ አንሥተን «ባሌን በሳምንት ሦስት ጊዜ አመሰግናለሁ» ብለን ጻፍንበት። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይህን በዓመት ሁለቴ ታደርገዋለች፤ አንዴ ለእንቁጣጣሽ፣ አንዴ ለጃንዋሪ አንድ። ሁለቴ ትከስራለች።

ስለ 10,000 እርምጃስ ሰምታችኋል? እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማግስት አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ፤ «ማንፖ ኬ» ብሎ ሰየመው፣ የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ እንደ ማለት። ቁጥሩን የወለደው ገበያ ነው፤ ክብ ነው፣ ለጆሮ ይጥማል። እኔ ሞኟ ለዚያ የጃፓን ማስታወቂያ ማታ ማታ ኮሪደር ላይ ስመላለስ ልጄ ደብተሯን ይዛ «እማዬ ይህን ሒሳብ አሳዪኝ» ብላ ስትለምነኝ «ቆይ 800 ቀረኝ» እላት ነበር። ስጨርስ ተኝታለች። ስልኬ ግን ርችት ተኩሶልኛል።

አሁን ወደ ቀደድኩት ደብተር ልምጣ።

ጳጉሜን 2010 ላይ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁና አሥራ ሁለት ግብ ጻፍኩ። 24 መጽሐፍ ማንበብ። 60,000 ብር መቆጠብ። 8 ኪሎ መቀነስ። መንጃ ፈቃድ ማውጣት። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሥራ አንደኛው ተራ ላይ ደግሞ፦ «እናትን መጠየቅ፣ በወር 2፣ በዓመት 24።» መጻሕፍቱና እናቴ እኩል ዒላማ ደረሳቸው። ያኔ አልታየኝም፤ እንዲያውም ሲጻፍ አምሮብኝ ነበር።

እናቴ ከደሴ መጥታ ኮተቤ ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖር ነበር። ከሥራ ወጥቼ እሄዳለሁ፣ አንዷን ስኒ እንደቆምኩ እጠጣለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ እወጣለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ደብተሩን አውጥቼ ምልክት አደርጋለሁ። አንድ ቀን እናቴ «ልጄ፣ ምነው ቦርሳሽን እንኳ ከትከሻሽ አታወርጂሳ» አለችኝ። «ቸኩያለሁ እማ» አልኳት። ምልክቴን አደረግኩ። ስድስተኛዋ ነበረች።

ጥር ላይ ታመመች። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ወንበር ነው፤ የሆስፒታል ወንበር፣ ጀርባው የተሰበረ። በእሱ ላይ ማደር ለመድኩ። ሾርባ በማንኪያ ማጉረስ፣ ጎኗን ማገላበጥ፣ ነርሷን መለማመጥ ለመድኩ። ሌሊት ሲከፋት የደሴን ጎረቤቶች በየተራ እያነሣን ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እናወራለን። የማላውቃትን ሴት ያወቅኩት በዚያ አራት ወር ነው። ግንቦት ላይ አረፈች።

2011 ዘመነ ሉቃስ ነበረና ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ ለራሴ ውጤት የምሞላበት አንድ ቀን ተመረቀልኝ። ልማድ ክፉ ነው፤ ሐዘኔን ሳልጨርስ ደብተሩን አወጣሁ። መጽሐፍ፣ ሦስት፤ 12.5 በመቶ። ቁጠባ፣ ዜሮ። መንጃ ፈቃድ፣ ዜሮ። ክብደት፣ 11 ኪሎ ቀንሻለሁ፤ 137.5 በመቶ። አሥራ አንደኛው ተራ ላይ እጄ ቆመ። ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ልቁጠር? እሱ ጉብኝት ይባላል? ማስታመም የሚባል ዓምድ ቅጹ ላይ የለም። ካልኩሌተር አነሣሁ። አዎ፣ አነሣሁ። 117 ሌሊት፣ ከበፊቱ ስድስት ጋር 123፣ ለ24 ሲካፈል 512.5 በመቶ።

በዕቅድ ባለሙያነት ዘመኔ ካስመዘገብኩት ሁሉ ከፍተኛው ክንውን ይህ ነው። የቀደድኩት ያኔ ነው። ጠንካራው ሽፋን አልቀደድ ቢለኝ በቢላዋ ጨረስኩት።

እናቴ ምን አቀድሽ ብላኝ አታውቅም። በእንቁጣጣሽ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ የአበባየሆሽ ልጆች ድርሻቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ፣ ሁለተኛው ስኒ ላይ የምትጠይቀው «ለዘንድሮ ምን አሰብሽ?» ብላ ነበር። ስትመርቅም «ሐሳብሽን ይሙላልሽ»። እስቲ «ግብሽን ይምታልሽ» ብሎ የመረቀ ሽማግሌ የሰማ እጁን ያውጣ! ግብ ባለበት ሜዳ ሁሉ ግብ ጠባቂ አለ፤ እኔ ደግሞ ለራሴ አጥቂም ጠባቂም ዳኛም ሆኜ፣ ራሴ ላይ ፊሽካ ስነፋ ነው ዓመት የማልፈው። «እንኳን አደረሰሽ» የሚለውን ሰላምታ ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ደረስሽ አይልም። አድራሽ አለ። ከነድካምሽ ተሸክሞ ያሻገረሽ አለ ይልሻል እንጂ ስንት በመቶ እንደደረስሽ አይጠይቅሽም።

ደሴ አጠገባችን የነበሩት ሐጂ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እኛን የክርስቲያን ልጆች ሳይቀር ስንጣላ ይዘውን «ኒያችሁን አሳምሩ» ይሉን ነበር። ኒያ የልብ ሐሳብ ማለት መሆኑን ስላላወቅኩ ቃሉ ያኔ ቁጣ ይመስለኝ ነበር። በእስልምና ሶላቱም ፆሙም ያለ ኒያ እንደማይቆም፣ የቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ ራሱ በኒያ ሐዲስ እንደሚከፈት ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ስግደቱ በሚታይ ሰውነት ይሰገዳል፤ ኒያው ግን በልብ ነው፣ ማንም ቅጽ አስሞልቶ አይረከበውም። ሐጂ ከኤሌክትሪክ ኩባንያ አልተማሩትም።

ይህን ስል አንድ ወዳጄ «ታዲያ ዕቁብሽን ለምን አትተዪም?» ብሎ ሊይዘኝ ሞከረ። ጥሩ ይዞኛል፣ ለጥቂት ቀን አሰብኩበት። ዕቁብ ከዕቅድ ሁሉ ጥብቅ ነው፤ ቀኑ አይዛነፍም፣ ብሩ አይጎድልም፣ ዳኛው አይምርም። ፆማችንም በቁጥር ነው፤ ሁዳዴ 55፣ ፍልሰታ 15። ስለትም ቁጥር አለው፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ደጅ የቆመው ሰው ይዞ የመጣውን ጥላና ሻማ ሳይቆጥር አልተነሣም። እንግዲያው ጠቤ ከቁጥር ጋር ምንድን ነው? ቁጥሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። በዕቁብም፣ በፆምም፣ በስለትም የሚቆጠረው እኔ የምሰጠው ነው፤ ብሬ፣ ረሃቤ፣ ጥላዬ። ሁዳዴን የያዘ ሰው «በ55 ቀን ይህን ያህል ቅድስና አገኛለሁ» ብሎ ዒላማ አያስቀምጥም፤ ቢያስቀምጥ ንስሐ አባቱ ያባርሩታል። የአዳራሹ ዕቅድ ግን የሚቆጥረው የማገኘውን ነው፤ መኪናውን፣ ኪሎውን፣ ተከታዩን፣ ፈረሱን። በእጄ ያለውን ትቶ በእጄ የሌለውን ይቆጥራል፣ ከዚያ ጳጉሜን ላይ ለምን አላገኘሽም ብሎ ይገርፈኛል።

ደግሞ ደስ ያላችሁ ሰነፎች ቆዩ፣ እናንተም አልቀራችሁም። «እኔ ድሮም ዕቅድ አልወድም፣ ሐሳብ አለኝ» የሚል አንድ ዘመድ አለኝ። ሃያ ዓመት አሰበ። መጽሐፍ ሊጽፍ አሰበ፣ ከወንድሙ ሊታረቅ አሰበ፣ ለአባቱ ሐውልት ሊያሠራ አሰበ። ይህ ሐሳብ አይባልም፣ ምኞት ነው፣ ምኞት ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድሞም ይመጣል። በአማርኛ ውጥን የሚባል ሌላ ቃል አለ። ሸማኔ ድሩን ሳይዘረጋ፣ ሴት ስፌቷን ሳትጀምር ወጠንኩ አይባልም፤ እጅ የነካው ሐሳብ ነው ውጥን። አሁን አሁን ደግሞ «ኢንቴንሽን» ብለው የእናቴን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ስም መልሰው የሚሸጡልኝ መጥተዋል፤ ከሻማና ከድንጋይ ጋር፣ በአዳራሹ ዋጋ፣ ምናልባት በዚያው አዳራሽ። ቪዥን ቦርዱን ያነሡት ትናንት ማታ ነው፣ ማጣበቂያው ገና አልደረቀም።

ሐሳብ ከዕቅድ ይቀላል የሚለኝ ሰው ሐሳብ ይዞ አያውቅም። ሃያ አራት ጉብኝት ይሞላል፤ ሲሞላ ደብተሩን ዘግተህ ትተኛለህ። «ከሰው ጋር ስሆን እዚያው ልሁን» ያልከው ግን አይሞላም፤ ሐሙስ ብታሟላው ዓርብ ባዶ ሆኖ ይጠብቅሃል። 97.3 የሚባል ነገር የለውም። ሪፖርት አይጻፍለትም፣ አይሸለሙበትም፣ ጎረቤት አያይልህም። ስልክህ ርችት አይተኩስልህም። ስታፈርሰው ደግሞ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ፤ አንገትህ ሥር አንድ ነገር ይቆማል። አንዴ ልጄ ስታወራኝ ዓይኔ ስልኩ ላይ እንደነበረ ያወቅኩት «እማዬ አሁን ምን አልኩሽ?» ስትለኝ ነው። መልስ አልነበረኝም። ማብራሪያ ጻፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮም ጳጉሜን ገባች። የጻፍኩት አንድ መስመር ነው፣ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ «ቦርሳዬን አወርዳለሁ።» አንድ የድሮ ባልደረባዬ፣ እስከ ዛሬ ዕቅድ ክፍል ያለ፣ ውኃ ሊጠጣ ገብቶ አነበበው። አገላበጠው፤ ጀርባው ላይ ሰንጠረዥ የፈለገ ይመስለኛል።

«አመልካቹ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቦርሳው» አልኩት።

ቀለደችብኝ ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ኮተቤ ሄድኩ። አክስቴ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷ አሟታል፣ ረከቦቱን ለማቅረብ እንኳ ሁለቴ ታርፋለች። ስለ ዝናቡ አወራችኝ፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ከዚያ እኔ የማላውቀውን የእናቴን የልጅነት ጥል ጀመረች፤ መሐሉን ረስታው እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣች። ሦስተኛውን ስኒ ስትቀዳ ስልኬ ጮኸ። ድምፁ ከሩቅ ነበር፤ ቦርሳው በሩ አጠገብ፣ ከጃንጥላዬ ጋር ተቀምጧል።